ማዳበሪያ ኮርኒስ የሌለበት ዳታቤዝ

ነገሩ የጀመረው ከአክስቴ ኮርኒስ ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ትንሽዬ ሻይ ቤት አላቸው፣ ከፊት ሻይ ቤት፣ ከጓሮ ሁለት አልጋ የሚይዝ ክፍል፣ የሁለቱም ኮርኒስ ማዳበሪያ ነው። ያው የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ ተገጣጥሞ ይሰፋና ከባሕር ዛፉ ማገር ላይ በሚስማርና በቆርኪ ይመታል፣ ብዙዎቻችን ተኝተን ቆርኪ እየቆጠርን ነው ያደግነው። ዘንድሮ እቁብ ወጣላቸውና ኮርኒሱን ልቀይር ነው አሉ። ችፑድ ይሁን፣ ጂብሰም ይሁን፣ ወይስ ይሄ አሁን የመጣው ፒቪሲ ይሁን ብለው እኔን ጠየቁ፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ስለተማርኩ ከምጣድ እስከ ኮርኒስ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ ብለው ያምናሉ። "እትዬ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ላጥናው" አልኳቸው። "ምኑ ይጠናል፣ ኮርኒስ እኮ ነው!" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ግን እኔ የማስበው እሳቱን ነበር። ከስር ስቶቭ አለ፣ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ የስፖንጅ ፍራሽ አለ፣ ከላይ ማዳበሪያ፣ ከዛ በላይ ደረቅ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ። እና "የትኛው ኮርኒስ ይሻላል" የሚለውን በግምት ከመመለስ በቁጥር ልመልሰው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነጻ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቼ ከረምኩ፣ ሪቪው የማደርገውም እሱን ነው። የምትነኩት ዕቃ ስላልሆነ ፎቶ የለኝም ይቅርታ።

ማነው ያወጣው ለምትሉ፣ ፋየር ሴፍቲ ሪሰርች ኢንስቲትዩት የሚባል የዩኤል አካል የሆነ አሜሪካን አገር ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የእሳት ምርምር ተቋም ነው፣ ስሙንም ማቴሪያልስ ኤንድ ፕሮዳክትስ ዳታቤዝ ብለውታል። ገንዘብ የሰጣቸው እዛው በፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው ስር ያለው ናሽናል ኢንስቲትዩት ኦፍ ጀስቲስ ነው። ፍትሕን ከእሳት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር መጀመሪያ፣ ለካ ዋናዎቹ ተጠቃሚዎች የእሳት አደጋ መርማሪዎች ናቸው፣ ቤት ይቃጠልና እሳቱ ከየት ተነሳ፣ እንዴት እዚህ ደረሰ ሲባል በኮምፒዩተር ሞዴል ሠርተው የሚያስረዱ ሰዎች። ሞዴሉ ውስጥ የከተቱት ቁጥር ከየትም የተለቃቀመ ከሆነ ደግሞ ጠበቃ ቁርስ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ እነዚ ሰዎች የቤትና የግንባታ ዕቃ ሰብስበው፣ ቆራርጠው፣ አቃጥለው፣ ለክተው ውጤቱን በነጻ ለቀቁት። ፕላይውድ፣ ኦኤስቢ፣ ኤምዲኤፍ፣ ጂብሰም ቦርድ፣ ስፖንጅ፣ ምንጣፍ፣ አንሶላ፣ የፕላስቲክ ዓይነት። ሙቀት ምን ያህል ያስተላልፋል፣ ለማሞቅ ምን ያህል ኃይል ይፈጃል፣ ስንት ዲግሪ ላይ መበስበስ ይጀምራል፣ ሲነድ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ኪሎዋት ያወጣል፣ ስንት ጥላሸት ይተፋል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ግራፉን ታያላችሁ፣ ጥሬ ቁጥሩንም በሲኤስቪ፣ በኤክሴል የሚከፈት የሰንጠረዥ ፋይል ማለት ነው፣ ታወርዳላችሁ፣ ክፍያ የለም።

ቁጥሩን የምትከቱበት ሞዴል ደግሞ ኤፍዲኤስ ይባላል፣ ፋየር ዳይናሚክስ ሲሙሌተር ማለት ነው፣ ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የመለኪያ ተቋም እ.ኤ.አ. 2000 ላይ የለቀቀው፣ እሱም ነጻ ነው። የቤቱን ስፋት፣ በሩን፣ ዕቃውን፣ እሳቱ የተነሳበትን ቦታ በጽሑፍ ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ደግሞ ጭሱና ሙቀቱ እንዴት እንደሚሄድ ያሰላል። በቃ ይሄን ያህል ይበቃል ስለሱ፣ የዛሬው ጉዳይ ቁጥሩ ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደተለካ ካልገባችሁ ዳታቤዙ ምንም አይጠቅማችሁም፣ እንደውም ያሳስታችኋል፣ ስለዚህ እዚ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ዋናው መሣሪያ ኮን ካሎሪሜትር ይባላል፣ እ.ኤ.አ. 1982 ላይ ቪቴኒስ ባብራውስካስ የሚባል ሰው በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ፣ ያሁኑ ኒስት ማለት ነው፣ እዛ ሆኖ ያወጣው ነው። 10 በ10 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ ይቆረጥና ከስሩና ከጎኑ በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ከላዩ እንደ ቀፎ ጫፍ ሾጠጥ ያለ ማሞቂያ ይግላል፣ መሃል ላይ ብልጭታ አለ፣ ቁራጩ ጋዝ መትፋት ሲጀምር ያቀጣጥለዋል። ከዛ ነበልባሉን በቴርሞሜትር አይለኩም! የሚለኩት ወደ ላይ በሚሳበው ጭስ ውስጥ የጎደለውን ኦክስጅን ነው። ቶርንተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. 1917 ላይ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፣ እንጨትም ይሁን ፕላስቲክም ይሁን ጨርቅም ይሁን፣ ሲነድ ለሚበላው ለአንድ ኪሎ ኦክስጅን የሚያወጣው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ሃጌት ደግሞ እ.ኤ.አ. 1980 ላይ ለቤት ዕቃ ሁሉ እንደሚሠራ አጣርቶ 13.1 ሜጋጁል አለው። እኔ ይሄን ሳነብ ላፕቶፑን ዘግቼ ትንሽ ተንጎራደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ የተበላውን ኦክስጅን ቆጥሮ እሳትን መመዘን ማለት እኮ እንግዳው የበላውን እንጀራ ቆጥሮ ረሃቡን እንደማወቅ ነው።

ታዲያ ማሞቂያው በስንት ኪሎዋት ነበር የተለኮሰው የሚለውን ማየት ግዴታ ነው፣ ላብራቶሪዎች አብዛኛውን ጊዜ 25፣ 50፣ 75 ኪሎዋት በካሬ ሜትር ምናምን ላይ ነው የሚሞክሩት። ያው አንዱ ፕላይውድ በ25 ላይ ደቂቃዎች ይቆያል፣ በ75 ላይ ወዲያው ቦግ ይላል። "ፕላይውድ በስንት ሰከንድ ይቀጣጠላል" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካያችሁ "በምን ሙቀት?" በሉት።

አሁን የራሴን ውርደት ልናገር። መጀመሪያ የሠራሁት ሞዴል ላይ ለኮርኒሱ የሰጠሁት ኤምዲኤፍ፣ ያው ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ፣ አልነድም አለኝ። ከስር ስቶቩ ጋዝ ፈሶ ይንበለበላል፣ ኮርኒሱ ግን እንደ አስቤስቶስ ቀዝቅዞ ቁጭ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ። ላየው ሰው ደስ ይላል፣ "እትዬ፣ ተገኘ!" ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ ችግሩን ለማግኘት። ለካ ኤፍዲኤስ ስፔሲፊክ ሂትን፣ አንድ ኪሎ ዕቃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀውን ኃይል ማለት ነው፣ የሚፈልገው በኪሎጁል ነው፣ እኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በጁል ገልብጬው ነበር፣ 1.5 ማለት ሲገባኝ 1500 ብዬ ሰጠሁት፣ ስለዚህ አንድ ሺህ እጥፍ ሙቀት የሚውጥ ኮርኒስ ሠራሁ ማለት ነው፣ ምድር ላይ እንደዛ ያለ ጣውላ የለም። ምክሬ፣ ቁጥሩን ስትገለብጡ መለኪያውንም አብራችሁ ገልብጡ፣ ዳታቤዙ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተጻፈችውን ያቺን ትንሽ ነገር አትዝለሏት። ጁል በግራም ከሆነ ከኪሎጁል በኪሎ ጋር ቁጥሩ አንድ ነው፣ ዝም ብላችሁ ጻፉት፣ ጁል በኪሎ ከሆነ ግን ለ1000 አካፍሉ።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። እኛ ችፑድ የምንለው እነሱ ምን ይሉታል? ፓርቲክል ቦርድ ነው? ፋይበር ቦርድ ነው? ሱቅ ሄጄ ብጠይቅ "ችፑድ ነው፣ ችፑድ" ተባልኩ፣ ተሳስቀን ተለያየን። እና ምን አደረግኩ፣ አናጢው ጋር ሄጄ ቁራጭ ለመንኩ፣ 10 በ10 ሴንቲ አድርገው በመጋዝ ቆረጡልኝ፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ። ሚዛን ደግሞ የለኝም፣ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት ጋር ትንሿ ዲጂታል ሚዛን አለች፣ "እማማ፣ ይቺን አንዴ ላስቀምጥ?" ብዬ ኮረሪማው ተነስቶ ችፑዱ ተቀመጠ፣ 53 ግራም። 80 ሴንቲ ኪዩብ ስለሆነ ሲካፈል 660 ኪሎ በሜትር ኪዩብ ገደማ መጣ። በቃ እሱን ይዤ ዳታቤዙ ውስጥ በስም ሳይሆን በዴንሲቲ፣ አንድ ሜትር ኪዩቡ በሚመዝነው ማለት ነው፣ መፈለግ ጀመርኩ፣ ይሄ ነው ትልቁ የተማርኩት ዘዴ። ስሙ ያታልላል፣ ክብደቱ አያታልልም። የኛ ጂብሰም ራሱ ከነሱ ጂብሰም ጋር አንድ አይደለም፣ የነሱ ግራና ቀኙ ወረቀት የተለበደበት ቦርድ ነው፣ መጀመሪያ የሚነደው ወረቀቱ ነው፣ እኛ ጋር ብዙ ጊዜ ኮርኒስ የሚሠራው በቅርጽ ፈሶ ውስጡ ቃጫ ገብቶበት ነው፣ ወረቀት የለውም። ስለዚህ የነሱ ግራፍ መጀመሪያ ላይ የምታሳየውን ጉብታ እኛ ቤት አትጠብቁት። ውስጡ ያለው ነገር ግን ያው ነው፣ ንጹህ ጂብሰም ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፣ እሳት ሲያገኘው መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፣ ለዛ ነው የሚያዘገየው።

አሁን ወደ ማዳበሪያው። ዳታቤዙ ውስጥ ማዳበሪያ ኮርኒስ የሚል የለም፣ ማን ያስገባዋል፣ አሜሪካን አገር ኮርኒሱን በማዳበሪያ የሚሠራ ሰው የለማ። ግን ከረጢቱ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የፖሊፕሮፒሊን ቁጥር ደግሞ የታወቀ ነው፣ 160 ዲግሪ ምናምን ላይ ይቀልጣል፣ አንድ ኪሎው ሲነድ 43 ሜጋጁል ገደማ ያወጣል፣ ያ ማለት ከቤንዚን ብዙም አያንስም። አንድ ባዶ ከረጢት እቺው የኮረሪማ ሚዛን ላይ 96 ግራም መዘነ፣ ሲተረተር 1.2 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ስለዚህ ካሬው 80 ግራም። 4 በ4 የሆነ ክፍል 16 ካሬ ነው፣ 1.3 ኪሎ ማዳበሪያ፣ በ43 ሲባዛ 55 ሜጋጁል። ችፑዱን እንደዚሁ ስሠራው 85 ኪሎ ይሆናል፣ እንጨት ነክ ነገር ሲነድ በተግባር የሚያወጣውን 13 ሜጋጁል በኪሎ ብለን ብንይዘው 1,100 ሜጋጁል። ሃያ እጥፍ!

ይሄን ውጤት ሳይ ደነገጥኩ፣ እና ለአክስቴ ምን ልበላቸው? ማዳበሪያውን ይተውት፣ የሚነደው ነገር ትንሽ ነው ልበል? ቁጥሩ እኮ እንደዛ ነው የሚለው። 55 ሜጋጁል ማለት የሲሊንደር ጋዝ አንድ ኪሎ ከምናምን ማለት ነው።

ጓሮ ወጥቼ ከከረጢቱ ጣት የሚያህል ቀደድኩና በፒንሳ ይዤ ለኮስኩት። ወዲያው ተሸበሸበ፣ ሸሸ ከእሳቱ፣ ከዛ ያዘው፣ ሰማያዊ ነገር ያላት ትንሽ ነበልባል፣ ሽታው የጧፍ ነው፣ ቀጥሎ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ጠብታው እየነደደ ነው የሚወርደው፣ ሲወርድ ቭዝዝ የሚል ድምፅ አለው፣ መሬት ደርሶም አይጠፋም። አናጢው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኛል። "ምነው ጋሼ?" አልኳቸው። "ይሄን ለማወቅ ነው እንዴ ሁለት ወር እንቅልፍ ያጣኸው፣ ማዳበሪያ እኮ ልጄ እየተንጠባጠበ ነው የሚፈጅህ፣ ፍራሹ ላይ ነው የሚወርድልህ፣ ችፑድ ግን ይጠቁራል፣ ይጤሳል፣ እስኪይዝ ልጆችህን ታወጣለህ" አሉኝ።

እና ያኔ ገባኝ። ኮኑ ላይ ቁራጩ ተጋድሞ በፎይል ተጠቅልሎ ነው የሚነደው አልኳችሁ አይደል፣ ቢቀልጥም የሚሄድበት የለውም፣ እዛው ኩሬ ሆኖ ይነዳል። ስለዚህ መንጠባጠብ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልተለካም። ኤፍዲኤስም ቢሆን ነድዶ ያለቀ ነገር ይጠፋል ማለት ይችላል እንጂ ቀልጦ የሚንጠባጠብ ነገር አያውቅም። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ የኮርኒሱን ጠቅላላ ሙቀት ነው የነገረኝ፣ እኔ ግን የጠየቅኩት እሱን አልነበረም፣ የጠየቅኩት ሰው ለመውጣት ስንት ደቂቃ አለው የሚለውን ነው። ይሄን ጉድለት ዳታቤዙ ላይ አላላክክም፣ ጥያቄውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ጠብታው የሚወርድበት ፍራሽስ? እዚህ ጋ ግን ዳታው አንጀቴን አራሰው። አንድ ነገር ቶሎ ይቀጣጠላል ወይስ ይቆያል የሚለውን በግርድፉ የሚወስኑት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፣ ሙቀት ማስተላለፉ፣ ዴንሲቲው፣ ስፔሲፊክ ሂቱ፣ ሦስቱን ታባዛላችሁ፣ ብዜቱ ትንሽ ከሆነ ላይኛው ገጽ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ማሳለፍ አቅቶት እዛው ይግላል፣ ይቀጣጠላል። ችፑዱን 0.12 በ660 በ1.5 ብላችሁ አባዙት፣ ርካሹን ስፖንጅ ደግሞ 0.04 በ20 በ1.4። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት ፊት ቢቀመጡና የሚቀጣጠሉበት ዲግሪ ቢቀራረብ ችፑዱ አምስት ደቂቃ በሚቆይበት ስፖንጁ ሦስት ሰከንድ ማለት ነው፣ በርግጥ ስፖንጅ ስለሚሟሟ ሒሳቡ እንደዚህ ንጹህ አይሆንም፣ ግን ነገሩን ታዩታላችሁ። ለአክስቴ ይሄን ስነግራቸው ስለ ኮርኒሱ ረስተው "በል ፍራሹን ከስቶቩ ግድግዳ እናርቀው" አሉ፣ ያኑ ለት ማታ አልጋው ዞረ። ከሁለት ወር ሥራዬ በተግባር የዋለው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ስለ ከፍታም ማንሳት አለብኝ፣ ይሄ የኛን አገር ሰው ሁሉ ይመለከታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፣ ዝቅተኛ ቦታ ግን 101 ነው። ሽሮ የሚፈላው 91 ዲግሪ ምናምን ላይ የሆነበት አገር ነው እኮ የምንኖረው፣ ባቄላ የማይበስለው ለዛ ነው። ኤፍዲኤስ ዝም ካላችሁት 101,325 ፓስካልና 20 ዲግሪ ብሎ ይጀምራል። 20 ዲግሪ! ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ሌሊት! ግፊቱን የሚያስገባውን ፒ ኢንፍ የሚባለውን እና የአካባቢውን ሙቀት የሚያስገባውን ራሳችሁ መቀየር አለባችሁ። የዕቃው ዴንሲቲና ስፔሲፊክ ሂት ተራራ ስለወጣ አይቀየርም፣ እነሱን እንዳለ ውሰዱ፣ የሚቀየረው አነዳዱ ነው። ቻይናዎች ላሳ ላይ፣ 3,650 ሜትር ገደማ ነው፣ እና ሄፌይ የምትባል ዝቅተኛ ከተማ ላይ አንድ ዓይነት የነዳጅ እሳት እያነደዱ ሲያወዳድሩ ላሳ ላይ ዝግ ብሎ እንደሚነድ፣ ጥላሸቱም እንደሚያንስ አሳይተዋል። ስለዚህ ኮኑ ላይ የተለካውን የነበልባል ኃይል ወደኛ ስታመጡ ትንሽ እንደተጋነነ ቁጠሩት፣ ጥንቃቄ ላይ መጋነኑ ችግር የለውም። ጣርማ በርን አልፋችሁ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ ግፊቱ 87 ይሆናል፣ አንድ ዞን ውስጥ ሆነን ሁለት ዓይነት አየር ነው ያለን።

ሌላ ያጣሁት ነገር ብዙ ነው። ባሕር ዛፍ አጣሁ፣ ያው የሰሜን ሸዋ ቤት ያለ ባሕር ዛፍ ምንድነው፣ ለጊዜው በዴንሲቲ የሚቀርበውን እንጨት ተጠቀምኩ፣ ግን ባሕር ዛፍ እርጥቡና ደረቁ ሌላና ሌላ ነው፣ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 2.26 ሜጋጁል ይሄዳል፣ ማድ ቤት ላይ ዓመታት የጤሰ ማገር ደግሞ ከአጥንት በላይ ደርቋል። ጭቃና ጭድ አጣሁ። መንዝ ያሉ ዘመዶቼ ቤት የሚከደንበትን የጓሳ ሣር አጣሁ፣ አባቶች በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ከልለው ያቆዩት ሣር አንድ መስመር ዳታ የለውም፣ ይሄ እነሱን የሚያስወቅስ አይደለም፣ የነሱ ቤት እኮ በሣር አይከደንም፣ እኛ ራሳችን ለክተን ማስገባት ያለብን ነገር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች ቴርሞግራቪሜትሪ፣ ዕቃውን እያሞቀ ክብደቱ ሲቀንስ የሚለካው መሣሪያ፣ ካለ ጥቂት ሚሊግራም ነው የሚፈልገው። የበግ ሱፍም አስቤ ነበር፣ ባና ቤት ሙሉ ነው አይደል መንዝ፣ ሱፍ በባሕሪው ኩሩ ነው፣ ለመቀጣጠል 570 ዲግሪ ምናምን ይፈልጋል፣ ነዶ ለመቀጠልም 25 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ አየር ላይ ያለው 21 ብቻ ነው፣ ስለዚህ ለኩሳችሁት እሳቱን ስታርቁት ይጠፋል። ጥጥ ግን 18 ይበቃዋል፣ ጋቢ ለብሳችሁ ምድጃ አጠገብ ስትቀመጡ አስቡበት።

ቁጥሩን ምን ያህል ልመነው የምትሉ ካላችሁ ማክኤፍፒ የሚባል ሌላ ነጻ የዳታ ስብስብ ጊትሃብ ላይ አለ፣ ብዙ ላብራቶሪዎች አንድ ዓይነት ጥቁር ፒኤምኤምኤ፣ የማስታወቂያ ሠሪዎቹ ፕሌክሲ ግላስ ዘመድ ማለት ነው፣ እሱን ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው ለክተው ያስቀመጡት። አንዱ ከሌላው ይለያል። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ምርጥ መሣሪያ፣ ምርጥ ሰው፣ ያም ሆኖ ይለያያል። እሱን ካየሁ በኋላ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚጽፍ ሰው አላምንም።

ለጀማሪ አንድ ነገር፣ ዳታቤዙ ውስጥ የኬሚካል ፍጥነት ቁጥሮችንም ታገኛላችሁ፣ ኤ እና ኢ የሚባሉት። ያጓጓሉ፣ ሳይንስ ሳይንስ ይሸታሉ። እኔ አንድ ሳምንት ከነሱ ጋር ተናንቄ ተውኳቸው፣ ከኮኑ የተገኘውን የሙቀት ግራፍ እንዳለ ሰጥቼ "ይሄን ያህል ዲግሪ ሲደርስ በዚህ ግራፍ ንደድ" ማለት ለኔ ዓይነት ጥያቄ በቂ ነው። እና ኤፍዲኤስ ቤቱን ሴል በሚባሉ ኩቦች ከፋፍሎ ነው የሚያሰላው፣ በመጀመሪያው ቀን ትንንሽ ሴል አታድርጉ። 10 ሴንቲ የነበረውን 5 ሴንቲ ካደረጋችሁት ሴሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ የጊዜ እርምጃው ደግሞ ግማሽ፣ በድምሩ 16 እጥፍ ሰዓት። የኔ ላፕቶፕ አንድ ሌሊት የጨረሰው ሁለት ሳምንት ሊፈልግ ነው ማለት ነው፣ መብራት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሮኝ አይቆይም። አንዴ 80 በመቶ ላይ እያለ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፔ ባትሪ የይስሙላ ነው፣ ቀጥ አለ። ከዛ በኋላ ካቆመበት የሚያስቀጥል ሪስታርት ፋይል በየጊዜው እንዲያስቀምጥ ማድረግ ተማርኩ። ሲኤስቪዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ግን ኔትወርኩ ቢጎተትም ችግር የለም፣ በስልክ ዳታ ሁሉንም አወረድኳቸው።

ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በማዳበሪያው አይደለም፣ ለጀማሪ "ይሄ ቁጥር እዚህ ፕሮግራም ውስጥ በዚህ መለኪያ ይገባል" የሚል ማብራሪያ ያስፈልገኝ ስለነበር ነው፣ ሌላው ሰው ላያስፈልገው ይችላል።

ፒቪሲውን በተመለከተ ሞዴሉ ገና ነው። የማውቀው ንጹሁ ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ ራሱን ችሎ ለመንደድ ይለግማል፣ ግን ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ውሃ ሲነካ አሲድ የሚሆን ነው፣ ዓይንና ጉሮሮ ይዘጋል፣ በዛ ላይ 80 ዲግሪ አካባቢ መላላት ስለሚጀምር እሳቱ ሳይደርስበት ተጣጥፎ ሊወርድ ይችላል። አክስቴ "ይታጠባል" ብለው ወደ እሱ አዘንብለው ነበር፣ ይሄን ስነግራቸው ለሻይ ቤቱ ይሁን፣ ለመኝታው ግን ችፑድ አሉ። ጂብሰሙን ጣሪያው ስለሚያፈስ ገና ከመጀመሪያው አልፈለጉትም፣ የኔን 21 በመቶ ውሃ ሰምተው "የኛው ጣሪያ ውሃ ይበቃናል" አሉኝ። ችፑዱ ባለፈው ቅዳሜ ተመታ፣ ጋሼ በቆርኪ ሳይሆን በእንጨት ልባጥ ነው የያዙት።

የፒቪሲ ኮርኒስ ቁራጭ እጃችሁ ላይ ያለ ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ክብደቱን ጻፉልኝ፣ ውስጡ ባዶ ቱቦ ቱቦ ስለሆነ ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ለኩት፣ አንዴ ጠቅላላውን፣ አንዴ የላይኛውን ልጣጭ ብቻ። እኔ ያገኘሁት ቁራጭ ጫፉ የተቀጠቀጠ ነበርና ሚዛኑ ላይ አላመንኩትም።